የእስያ አገሮች የሕክምና ሥርዓት፦ ሰው ሲታመም ሂሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?

ከጁምዓ ሶላት በኋላ በየመስጊዱ ለታማሚ የሚደረጉ የእርዳታ ጥሪዎች ለማናችንም እንግዳ አይደሉም። ከእነዚህ ጥሪዎች ብዙዎቹ «ሕክምናው አገር ውስጥ ስለማይገኝ ወደ ሕንድ» ወይም «ወደ ባንኮክ መሄድ አለበት» በሚል ይቋጫሉ። ከፋርማሲ የምንገዛው መድኃኒትም ቢሆን ብዙው የመጣው ከዚያው ከእስያ ነው። ስለዚህ የእስያ አገሮች ሕዝባቸውን እንዴት እንደሚያክሙ፣ ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጡ፣ በሕክምና የሚነግዱትንም እንዴት እንደሚቆጣጠሩ ማወቅ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ኢስላም ሊጠብቃቸው ከመጣባቸው አምስት ዋና ጉዳዮች አንዱ ነፍስ እንደሆነ ዑለሞቻችን ያስተምሩናል። ይህ ጥበቃ በቀድሞው የሙስሊሙ ዓለም በተግባር ይታይ ነበር። በ1154 ደማስቆ ውስጥ በሱልጣን ኑረዲን ዘንጊ የተመሠረተው ቢማሪስታን (ሆስፒታል) ወጪው የሚሸፈነው ከወቅፍ ንብረት ገቢ ነበር። በዘመናችን ያሉት የእስያ አገሮች ይህንኑ ጥያቄ በተለያየ መንገድ መልሰውታል፤ የተሳካላቸውም ያልተሳካላቸውም አሉ። በዚህ ጽሑፍ የጥቂቶቹን ልምድ እንቃኛለን። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ማውጣትና በአግባቡ ማውጣት

የአንድን አገር የሕክምና ሥርዓት ለመመዘን ሁለት ቁጥሮችን ማየት ይጠቅማል። አንደኛው አገሪቱ ከጠቅላላ ምርቷ ለጤና የምታወጣው ድርሻ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከዚያ ወጪ ውስጥ ታማሚው ራሱ በታመመበት ሰዓት ከኪሱ የሚከፍለው ስንት እጅ እንደሆነ ነው። ቤተሰብን ለዕዳ የሚዳርገው፣ መሬትና ከብት የሚያሸጠው ይህ ሁለተኛው ነው።

ጃፓን ከጠቅላላ ምርቷ 11 ከመቶ ገደማ ለጤና ታውላለች። ከ1961 ጀምሮ ነዋሪዎቿ በሙሉ የጤና መድን አላቸው፤ አብዛኛው ሠራተኛ ሲታከም የሚከፍለው የሂሳቡን 30 ከመቶ ሲሆን ለዚያም ወርሃዊ ጣሪያ ተበጅቶለታል። ደቡብ ኮሪያ በ1977 በትላልቅ ድርጅቶች ሠራተኞች የጀመረችውን መድን በ1989 ለመላው ሕዝብ አዳርሳለች። ሲንጋፖር በበኩሏ ከ1984 ጀምሮ እያንዳንዱ ሠራተኛ ከደመወዙ ለሕክምና የሚሆን ቁጠባ እንዲያስቀምጥ በሕግ አስገድዳለች፤ ቁጠባው ለማይበቃቸው ድሆችም በ1993 የመንግሥት ፈንድ አቋቁማለች።

«እነዚህ ሀብታም አገሮች ናቸው፤ የእኛ ቢጤ ምን ያድርግ?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ያላት ታይላንድ ናት።

ታይላንድ፦ በ30 ባት ሕክምና

ታይላንድ በ2001 የነፍስ ወከፍ ገቢዋ 2,000 ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛውና የድርጅት ተቀጣሪው መድን ቢኖረውም ገበሬው፣ የቀን ሠራተኛውና የጉልት ነጋዴው በአብዛኛው የሚታከመው በራሱ ኪስ ነበር። በዚያ ዓመት ሥልጣን የያዘው መንግሥት አንድ ሰው ለአንድ ሕክምና 30 ባት ብቻ የሚከፍልበትን አሠራር ጀመረ። 30 ባት በጊዜው ምንዛሪ አንድ ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። በ2002 ሥርዓቱ በሕግ ጸድቆ መላ አገሪቱን አዳረሰ። ሐሳቡን ለዓመታት ያበሰሉት በገጠር ሆስፒታሎች ያገለገሉ ሐኪሞች ሲሆኑ በግንባር ቀደምነት የሚጠቀሱት ዶክተር ሳንጉዋን ኒታያራምፖንግ ናቸው።

የአሠራሩ ቁልፍ ለሆስፒታሎች ገንዘብ የሚሰጥበት መንገድ ነው። ለተመላላሽ ሕክምና መንግሥት ለሆስፒታሉ የሚከፍለው በሰጠው መርፌና ባዘዘው ምርመራ ብዛት ሳይሆን በተመዘገቡለት ሰዎች ቁጥር ነው። በመጀመሪያው ዓመት የተመደበው ለአንድ ሰው 1,202 ባት ነበር። ስለዚህ ሆስፒታሉ የማያስፈልግ ምርመራ ቢያዝ ወጪ እንጂ ትርፍ አይሆንለትም። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ያደኸየው የኩላሊት እጥበት በሽፋኑ ውስጥ ገባ። ዛሬ ታይላንድ ለጤና የምታወጣው ከምርቷ 5 ከመቶ አካባቢ ሲሆን ከጠቅላላው የጤና ወጪ ሕዝቡ ከኪሱ የሚከፍለው ከአሥር አንድ እጅ ገደማ ነው።

ይህን ለማስቀጠል ከመድኃኒት ኩባንያዎች ጋር መጋፈጥ ግድ ነበር። ታይላንድ በ2006 መጨረሻና በ2007 መጀመሪያ ለሁለት የኤችአይቪ መድኃኒቶችና ለአንድ የልብ መድኃኒት «የግዴታ ፈቃድ» አወጣች። ይህም መንግሥት የባለ ፓተንቱን ኩባንያ ስምምነት ሳይጠብቅ መድኃኒቱን በርካሽ የሚያመርት ወይም የሚያስመጣበት፣ በዓለም ንግድ ድርጅት ስምምነት የተፈቀደ መብት ነው። ከባለ ፓተንቶቹ አንዱ የሆነው አቦት በምላሹ በታይላንድ ሊያስመዘግባቸው የነበሩ አዳዲስ መድኃኒቶችን ማመልከቻ መለሰ። ታይላንድ ግን ውሳኔዋን አልሻረችም።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ሊለይ ይገባል። ከአገራችን የሚሄዱ ታማሚዎች የሚታከሙባቸው ታዋቂ የባንኮክ የግል ሆስፒታሎች ከዚህ ሥርዓት ውጭ ናቸው። የ30 ባት ሕክምና ለዜጎቹ ነው፤ የውጭ ታማሚ የሚከፍለው ሙሉውን የገበያ ዋጋ ነው።

ኢንዶኔዢያና ማሌዢያ፦ ሙስሊሙ ሕዝብና የጤና መድን

በሕዝብ ብዛት በዓለም ትልቋ የሙስሊም አገር ኢንዶኔዢያ ብሔራዊ የጤና መድኗን የጀመረችው ጥር 1 ቀን 2014 ነው። በብዙ ደሴቶች የተበተነውን ሕዝብ በአንድ ቋት ማስገባት ቀላል አልነበረም። መንግሥት ገና ሲጀምር የ86.4 ሚሊዮን ድሆችን መዋጮ ራሱ ከፈለ። ዛሬ አባላቱ ከ260 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መዋጮው ከወጪው እያነሰ ቋቱ በተደጋጋሚ ከስሯል። ከመደበኛው ሥራ ውጭ የሚተዳደሩ ብዙ ሰዎች ሲታመሙ እየተመዘገቡ ሲድኑ መክፈል ያቆሙ ነበር። ጤነኛው በጤናው ጊዜ ካላዋጣ ለታማሚው የሚተርፍ እንደማይኖር የኢንዶኔዢያ ልምድ ያሳያል።

አገሪቱ የሃይማኖትና የሕክምና ጥያቄ ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠርም አሳይታለች። በ2018 የኩፍኝና የሩቤላ ክትባት ዘመቻ ሲካሄድ ክትባቱ ሲመረት ከአሳማ የተገኘ ንጥረ ነገር ጥቅም ላይ መዋሉ ታወቀ። የኢንዶኔዢያ ዑለማ ምክር ቤት ጉዳዩን መርምሮ በነሐሴ ወር ፈትዋ ሰጠ። ክትባቱ በራሱ ሐራም ቢሆንም ሐላል ምትክ እስኪገኝ ድረስ በዶሩራ (በአስገዳጅ ሁኔታ) ምክንያት መጠቀም ይፈቀዳል የሚል ነበር። ብዙ ወላጆች የሰሙት ግን የፈትዋውን የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ሆነ። በአቼና በሌሎች አካባቢዎች የተከተቡት ሕፃናት ቁጥር እጅግ ዝቅ አለ። የመድኃኒት አምራች ምን እንደተጠቀመ አስቀድሞ በግልጽ ቢናገር፣ መንግሥትም ዑለሞችን ዘመቻው ሳይጀመር ቢያማክር ኖሮ ይህን ያህል መደናገር ባልተፈጠረ ነበር።

ጎረቤት ማሌዢያ በዚህ በኩል ቀድማለች፤ በ2012 ለመድኃኒቶች የሚሆን የሐላል መስፈርት አውጥታለች። በመንግሥት ጤና ጣቢያዎቿ አንድ ዜጋ ለተመላላሽ ሕክምና ለረጅም ዓመታት ሲከፍል የኖረው አንድ ሪንጊት ነው፤ ስፔሻሊስት ለማየት ደግሞ አምስት ሪንጊት። በ2017 ደግሞ የጉበት ቫይረስ ዓይነት «ሲ»ን የሚያድነውን ሶፎስቡቪር የተባለ ውድ መድኃኒት በመንግሥት ፈቃድ በርካሽ ለማቅረብ ወሰነች። ይህ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ የአንድ ሰው ሙሉ ሕክምና 84,000 ዶላር ይጠየቅበት ነበር።

ባንግላዴሽ፦ ግማሹ የተሠራ ሥራ

ዋጋን መቆጣጠርና ለታማሚው መክፈል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ከባንግላዴሽ የበለጠ የሚያስረዳ አገር የለም። በ1971ዱ የነጻነት ጦርነት ለቁስለኞች የመስክ ሆስፒታል ካቋቋሙት ሐኪሞች አንዱ የሆኑት ዶክተር ዛፍሩላህ ቾውዱሪ ከጦርነቱ በኋላ «ጎኖሻስታያ ኬንድራ» (የሕዝብ ጤና ማዕከል) የተባለ ድርጅት መሠረቱ። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ የመድኃኒት ገበያ በአብዛኛው በውጭ ኩባንያዎች እጅ ነበር። ድሃው ሕዝብ ገንዘቡን የሚጨርሰውም ምንም ጥቅም በሌላቸው የብርታት ሽሮፖችና ቅልቅል መድኃኒቶች ላይ ነበር።

ዶክተር ቾውዱሪ የተሳተፉበት የባለሙያዎች ኮሚቴ ባቀረበው ሐሳብ መሠረት በ1982 ብሔራዊ የመድኃኒት ፖሊሲ ወጣ። 150 ያህል መሠረታዊ መድኃኒቶች ተለይተው ዋጋቸው ቁጥጥር ተደረገበት፤ ጎጂ ወይም ጥቅም የለሽ የተባሉ ከ1,700 የማያንሱ ምርቶች ከገበያ እንዲወጡ ተወሰነ። የአሜሪካን መንግሥት ጨምሮ ከውጭ ከባድ ግፊት ቢመጣም የፖሊሲው ዋና ሐሳብ ጸንቶ ቆየ። ዛሬ ባንግላዴሽ ከሚያስፈልጋት መድኃኒት ከ95 ከመቶ በላይ የሚሆነውን ራሷ ታመርታለች፤ ለሌሎች አገሮችም ትሸጣለች። ዶክተር ቾውዱሪ በሚያዝያ 2023 ከዚህ ዓለም ተለይተዋል፤ አላህ ይዘንላቸው።

ይሁን እንጂ በዚያው አገር ከጠቅላላው የጤና ወጪ 70 ከመቶ ገደማ የሚከፈለው ዛሬም ከሕዝቡ ኪስ ነው። እንደ ታይላንድ ያለ የጋራ ቋት አልተበጀም። የእንክብሉ ዋጋ ቢረክስም ለቀዶ ሕክምናና ለረጅም ጊዜ ሕመም ቤተሰቡ ብቻውን ነው። ግማሹ ሥራ በሚገባ ተሠርቷል፤ ሌላው ግማሽ ግን ገና ነው።

ሕንድ፦ የድሆች ፋርማሲና ጥላው

አብዛኛው አንባቢያችን በቅርብ የሚያውቃት አገር ሕንድ ናት። በ1972 ሥራ ላይ የዋለው የፓተንት ሕጓ ጥበቃ ያደርግ የነበረው ለመድኃኒቱ ሳይሆን ለአመራረቱ ዘዴ ብቻ ነበር። በዚህ ምክንያት የሕንድ ኩባንያዎች ያንኑ መድኃኒት በሌላ ዘዴ በርካሽ ማምረት ቻሉ። ከእነዚህ አንዱ ኽዋጃ አብዱልሐሚድ የተባሉ ሙስሊም የኬሚስትሪ ምሁር በ1935 ቦምቤይ ውስጥ የመሠረቱት ሲፕላ ነው። በ2001 የኩባንያው መሪ የነበሩት ልጃቸው ዩሱፍ ሐሚድ የኤችአይቪ መድኃኒቶችን ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለተባለው ድርጅት ለአንድ ሰው በዓመት 350 ዶላር ለመሸጥ ሐሳብ አቀረቡ። በዚያን ጊዜ በምዕራብ አገሮች የነበረው ዋጋ ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር። አፍሪካ ውስጥ ሚሊዮኖች ያንን መድኃኒት ማግኘት የቻሉት ከዚያ ወዲህ ነው።

ሕንድ በ2005 በዓለም ንግድ ድርጅት ደንብ መሠረት ለመድኃኒቱ ራሱ ፓተንት መስጠት ብትጀምርም መጠነኛ ለውጥ ብቻ የተደረገበት አሮጌ መድኃኒት አዲስ ፓተንት እንዳያገኝ የሚከለክል አንቀጽ አስገባች። በሚያዝያ 2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በዚሁ አንቀጽ መሠረት ኖቫርቲስ ለደም ካንሰር መድኃኒቱ ያቀረበውን የፓተንት ጥያቄ ውድቅ አድርጓል። ከዚያ በፊት በ2012 ባየር በወር 280,000 ሩፒ ገደማ ይሸጠው ለነበረው የካንሰር መድኃኒት የግዴታ ፈቃድ ተሰጥቶ ዋጋው ወደ 8,800 ሩፒ ወርዷል።

የሆስፒታሎቹ ገጽታ ግን ሌላ ነው። በየካቲት 2017 የአገሪቱ የመድኃኒት ዋጋ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን የጠበበ የልብ ደም ሥር ለመክፈት በሚገባው ስቴንት ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ። እስከ 120,000 ሩፒና ከዚያም በላይ ይሸጥ የነበረው ዓይነት ወደ 29,600 ሩፒ ወረደ። ባለሥልጣኑ ያወጣው መረጃ እንደሚያሳየው ትልቁ ትርፍ የሚጨመረው ዕቃው ሆስፒታል ከደረሰ በኋላ ነበር። ታማሚው የሚያምነው ሐኪም የሚሠራበት ቤት ራሱ ዋናው አትራፊ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

የጥራት ቁጥጥር መላላት ደግሞ ነፍስ ያጠፋል። በጥቅምት 2022 የዓለም ጤና ድርጅት ጋምቢያ ውስጥ 70 ያህል ሕፃናት ከሞቱ በኋላ በአንድ የሕንድ ፋብሪካ በተሠሩ አራት ሽሮፖች ላይ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በምርመራ የተገኘባቸው ኩላሊትን የሚያጠፋ የኢንዱስትሪ ኬሚካል ነበር። በዚያው ዓመት ኢንዶኔዢያ ውስጥ ተመሳሳይ ኬሚካል በተቀላቀለባቸው የአገር ውስጥ ሽሮፖች ምክንያት ከ200 በላይ ሕፃናት ሞተዋል፤ በቀጣዩ ዓመት የአንድ አምራች ኩባንያ ኃላፊዎች በእስራት ተቀጥተዋል። ርካሽ መድኃኒት በረከት የሚሆነው የሚመረምረው አካል ሲኖር ብቻ ነው።

ቻይና፦ ሐኪሙ ከመድኃኒት ሲያተርፍ

ሕንድ ውስጥ በስቴንት የታየው ችግር ቻይና ውስጥ ለአሥርት ዓመታት የሥርዓቱ መሠረት ሆኖ ቆይቷል። የመንግሥት ሆስፒታሎች ከመንግሥት የሚያገኙት በጀት አነስተኛ ስለነበር በሚሸጡት መድኃኒት ላይ 15 ከመቶ እንዲጨምሩ ተፈቅዶላቸው ነበር። ውጤቱም የሚጠበቅ ነው። ብዙና ውድ መድኃኒት ማዘዝ ለሆስፒታሉ ገቢ፣ ለሐኪሙም ከኩባንያዎች የሚመጣ ጉቦ ሆነ። በመስከረም 2014 የብሪታንያው ግላክሶስሚዝክላይን ለሐኪሞችና ለሆስፒታሎች ጉቦ በመስጠት ጥፋተኛ ተብሎ 3 ቢሊዮን ዩዋን ተቀጣ።

ቻይና ግን በቅጣት ብቻ አላቆመችም፤ ምክንያቱን ለማድረቅ ሞከረች። በ2017 የ15 ከመቶው ጭማሪ በመንግሥት ሆስፒታሎች ሁሉ ቀረ። በ2018 መጨረሻ ደግሞ 11 ከተሞች አንድ ላይ ሆነው በጅምላ ለመግዛት ጨረታ አወጡ፤ የ25 መድኃኒቶች ዋጋ በአማካይ 52 ከመቶ ቀነሰ። ብዙ ገዢ በአንድነት ሲደራደር ሻጩ ዋጋ ይቀንሳል።

ፓኪስታን፦ የኩላሊት ገበያና የዘካ ሆስፒታሎች

ድህነትና የላላ ሕግ ሲገናኙ የሰው አካል ራሱ ዕቃ ይሆናል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፓኪስታን ከውጭ የሚመጡ ሀብታሞች ኩላሊት የሚገዙባት አገር ሆና ነበር። ሻጮቹ ብዙውን ጊዜ በፑንጃብ ገጠሮች የሚኖሩ፣ የአሠሪ ዕዳ የተቆለለባቸው የእርሻና የጡብ ሠራተኞች ነበሩ። ይህን በግንባር የተቃወሙት ካራቺ ውስጥ የኩላሊት ሕክምናን በነጻ የሚሰጠው ተቋም መሥራች ዶክተር አዲብ ሪዝቪና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ2007 የአካል ሽያጭን የሚከለክል ድንጋጌ ወጣ፤ በ2010 በፓርላማ ጸደቀ። የሙስሊም አገሮች የፊቅህ አካዳሚም በ1988 ጅዳ ላይ አካልን በቅድመ ሁኔታ መለገስ እንደሚቻል፣ መሸጥ ግን እንደማይፈቀድ ወስኗል።

ያቺው ፓኪስታን መልካም አርአያም አላት። የዶክተር ሪዝቪ ተቋም በ1970ዎቹ የጀመረው በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ በነበረ ባለ ስምንት አልጋ ክፍል ነው። በ1994 ላሆር ውስጥ የተከፈተው የሻውከት ኻኑም የካንሰር ሆስፒታል ደግሞ አብዛኞቹን ታማሚዎች የሚያክመው ከዘካና ከሶደቃ በሚሰበሰብ ገንዘብ በነጻ ወይም በቅናሽ ነው። እነዚህ ተቋማት የመንግሥትን ቦታ አይተኩም፤ ከጠቅላላው የፓኪስታን የጤና ወጪ ዛሬም ግማሽ ገደማው ከኪስ የሚወጣ ነው። ነገር ግን ዘካና ሶደቃ ለአንድ ሰው ትኬት ከመግዛት አልፎ ቋሚ ሆስፒታል ሊያቆም እንደሚችል አስመስክረዋል።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ኢትዮጵያ በ2011 በ13 ወረዳዎች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን በሙከራ ጀምራ ከዚያ ወዲህ አስፍታዋለች። ከላይ ያየናቸው አገሮች ልምድ የሚነግረን ጤነኛው በጤናው ጊዜ መዋጮውን ካልከፈለ ቋቱ እንደማይቆም ነው። በየጀማዓው ለአንድ ታማሚ በጭንቅ ሰዓት ከምንሰበስበው ጎን ለጎን የድሃ ጎረቤቶቻችንን ዓመታዊ የመድን መዋጮ መሸፈንም ብዙ ቤት የሚያድን ሶደቃ ነው።

ታማሚ ወደ እስያ መላክ ግድ ሲሆን ደግሞ የሚከተሉትን ማረጋገጥ ይገባል።

• ጉዞው ከመወሰኑ በፊት የሌላ ሐኪም አስተያየት መጠየቅ፤ ሕክምናው አገር ውስጥ መኖር አለመኖሩን ማጣራት።

• የሆስፒታሉን የዋጋ ግምት በጽሑፍ መቀበል፤ የሐኪም፣ የአልጋ፣ የመድኃኒትና በሰውነት ውስጥ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ለየብቻው እንዲጻፍ መጠየቅ።

• ጉዞውን የሚያመቻቸው ሰው ከሆስፒታሉ ኮሚሽን የሚያገኝ መሆን አለመሆኑን በግልጽ መጠየቅ። ኮሚሽን የሚያገኝ ሰው የሚመርጥልን ሆስፒታል የግድ ለታማሚው የሚሻለው ላይሆን ይችላል።

• ለኩላሊት ንቅለ ተከላ «ሰጪ እናገኛለን» ከሚል ደላላ መራቅ። ሕንድ የአካል ሽያጭን በ1994 ባወጣችው ሕግ ከልክላለች፤ በሃይማኖታችንም አይፈቀድም።

• መድኃኒት ሲታዘዝ ከንግድ ስሙ ሌላ የመድኃኒቱን መጠሪያ ስም ማስጻፍ፤ ያው መድኃኒት በርካሽ ሊገኝ ይችላልና። የልጆች ሽሮፕ ከመንገድና ከሻንጣ ነጋዴ አለመግዛት፤ በአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመዝግቦ የገባውን ከፋርማሲ መግዛት።

ታይላንድ ሀብታም እስክትሆን አልጠበቀችም፤ ባንግላዴሽም መድኃኒቷን ለማስተካከል ጦርነቱ ያደረሰባት ድህነት እስኪያልፍ አልቆየችም። ሁለቱም የጀመሩት ሕመም የአንድ ቤት ዕዳ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር በመወሰን ነው። አላህ ታማሚዎቻችንን ያሽርልን፤ ጤነኞቻችንም በጤናችን ሳለን ለታማሚው የምናስብ ያድርገን። አሚን።